ሁለቱ የቦይ መዝጊያዎች

አንድ ገበሬ ነበረ። ቆዪ ፌቨን፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም! አዲስ የኮምፒውተር ቋንቋ ሠርተሻል። በእሱም ጽሑፍ ስንት ፊደል፣ ዝርዝር ደግሞ ስንት ነገር እንደያዘ የሚጠየቁት በየራሳቸው ትእዛዝ ነው፤ ሁለቱም በትክክል ይሠራሉ፤ ታዲያ ለምን አንድ ላድርገው ነው ያልሽኝ። እሱኑ እየመለስኩልሽ ነው፣ ስሚኝ።

ይህ ገበሬ ከወንዝ ሁለት ቦይ ጠልፎ አንዱን ወደ ሽንኩርቱ ማሳ፣ ሌላውን ወደ ቤቱ ጓሮ አወረደ። የሽንኩርቱን መዝጊያ አንድ አናጢ ሠራለት፤ እጀታውን ወደ ታች ሲጫኑት ሳንቃው ይወርድና ውኃውን ይዘጋል። የጓሮውን የሠራው ሌላ አናጢ ነው። የእሱ እጀታ እንደ ሚዛን ነው፤ ወደ ታች ሲጫኑት ሳንቃው ብድግ ይልና ውኃው ይለቀቃል። ሁለቱም ግሩም ሥራ ነበሩ፤ ገበሬውም ለምዷቸዋል።

አንድ ክረምት ደራሽ ጎርፍ መጣ። ገበሬው ገበያ ወርዷል፤ አልጋ ላይ የዋሉ እናቱ ብቻቸውን ቤት ናቸው። ጎረቤቱ ሮጠ። የሽንኩርቱን መዝጊያ በደቦ ጊዜ አይቶት ስለነበር ተጫነና ዘጋው። ወደ ጓሮውም በረረ፤ እዚያም ተጫነ። ውኃው ጨመረ። ጉልበቴ አንሶ ነው ብሎ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። ምኑን ልንገርሽ፣ ጎርፉ ቤቱን ሞላው! አሮጊቷን ሰዎች ደርሰው ከነአልጋቸው ያወጧቸው በጭንቅ ነው።

በማግሥቱ ገበሬው መጋዝ አንሥቶ ያን የሚያምር የጓሮውን እጀታ ቆረጠው። የሠራው አናጢ ሲሰማ ነደደ፤ ሥራዬ ምን እንከን ተገኘበት ብሎ መጣ።

«እንከንማ የለበትም» አለው ገበሬው። «ግን እናቴን ሊያድን የመጣ ሰው በገዛ እጁ ውኃ ለቀቀባት።»

የጓሮውንም ልክ እንደ ሽንኩርቱ አደረገው። በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ሲመጣ የዘጋው ማን መሰለሽ? መንገደኛ! አገሩን የማያውቅ መንገደኛ! ከመጀመሪያው መዝጊያ ጋር ታግሎ ታግሎ ተማረው፤ ሁለተኛውን ግን ቆም ብሎ እንኳ ሳያስብ ዘጋው። ይቺን ባወራኋት ቁጥር ደስታ ያሰክረኛል።

እንግዲህ ልጄ፣ መዝጊያዎቹ የቋንቋሽ የጽሑፍና የዝርዝር ትእዛዞች ናቸው፤ ገበሬዋም አንቺ ነሽ። አንቺማ ሁለቱንም ለምደሻል። ነገ ቋንቋሽን የሚይዘው ግን ያ ሮጦ የመጣው ጎረቤት ነው። አንዱን ሲያውቅ ሌላውንም ያወቀ ይመስለዋል፤ አምኖሻላ! ዛሬውኑ አንድ አድርጊያቸው።