የበረንዳው አምስት የስፌት መኪናዎች

የከተማዋን ስም መጥራት አያስፈልግም። በግንብ የታጠረች፣ ሰኞና ሐሙስ ገበያ የሚቆምባት የዱሮ ከተማ ነበረች ማለት ይበቃል። በጁምዓ መስጊዷ በረንዳ ላይ፣ በገበያው በኩል፣ አምስት ልብስ ሰፊዎች ይቀመጡ ነበር። ከገጠር የሚመጣው ገበያተኛ ቁልቁለቱን ሳይጨርስ የስፌት መኪናዎቻቸውን ድምፅ ይሰማና የሚያሰፋውን ጨርቅ በእጁ ያዘጋጃል።

ከአምስቱ በዕድሜ የሚበልጡት ሐጂ ሙዘይን ናቸው። አርባ ዓመት እዚያው ሰፍተዋል። ከጨርቅ የተረፈችውን፣ መሐረብ እንኳ የማይወጣትን ቁራጭ፣ አጥፈው ለባለቤቱ ይመልሳሉ። በወዲያኛው ጫፍ የሚቀመጠው ደግሞ ኸድር ነው፤ ከመጣ ገና አራት ዓመቱ። እናት አባት የሌለው የቲም ሆኖ ነው ያደገው። ሙያውን ያስተማረው ሰው በእርግጫ ነበር የሚያስተምረው። ሰባት ዓመት በመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ተኝቷል። ከዚያ ቤት ይዞት የወጣው አንድ መቀስና አንድ እምነት ነው፤ አጥብቀህ ያልያዝከውን ሰው ይወስድብሃል። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ ተናግሮ አያውቅም።

እጁ ግን ግሩም ነበር። የጀለቢያ አንገት ሌሎቹ አንድ ጊዜ ሲሰፉት እሱ ደርቦ ሁለት ጊዜ ይሰፋዋል። ያንን አንገት ያየ ሰው የማን እጅ እንደሆነ አይጠይቅም።

ከረመዳን በፊት ባለው በሻባን ወር አንድ ሰኞ ሸሪፍ የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ ወደ በረንዳው መጣ። የሟች አባቱን ኑዛዜ ሊፈጽም ነው፤ ለመቶ የቲሞች የዒድ ጀለቢያ።

"ሐጂ፣ ለዒድ ይደርስልኛል?"

"ለአንድ ሰው አይደርስም። ለአምስት ሰው ይደርሳል። ሃያ ሃያ እንካፈለዋለን።"

ሸሪፍ ዋጋውን አስቦበት ነገ እንደሚመለስ ነግሯቸው ሄደ።

የከሰዓቱ የዐስር ሰላት አዛን ሲሰማ አራቱ መኪናቸውን ሸፍነው ወደ መስጊዱ ገቡ። ኸድር ወደ ኋላ ቀረ። ለእሱ ስለሚደርሰው ሃያ አላሰበም። የታየው ሌሎች እጅ የሚገባው ሰማንያ ነው። ጓደኞቹ ለሰላት ሲሰለፉ እሱ ሸሪፍ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ብቻዬን እሰፋዋለሁ፣ ከዋጋውም እቀንሳለሁ አለ። ሸሪፍ ነጋዴ ነውና ተስማማ።

በማግስቱ ሦስት አህዮች መጥተው ጨርቁን ኸድር ፊት አራገፉ። አራቱም መኪናቸውን አቁመው አዩት። ዝም ማለት ያቃተው ሙስጦፋ ብቻ ነበር፤ እሱ ከአምስቱ ምላሱ የማያርፈው ነው።

"ማሻአላህ ኸድሬ! ትናንት ሁለት እጅ ነበረህ። ዛሬ ስንት አበቀልክ?"

"ሥራህን ሥራ።"

"የቱን ሥራ? አንተ ወስደኸው!"

ሐጂ ሙዘይን ከመኪናቸው ቀና አሉ። ኸድር ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው ትከሻውን ሰበሰበ።

"አላህ ያግራልህ" አሉት። "ክር ካነሰህ ከእኔ ሳጥን ውሰድ።"

ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ቢሰድቡት ይቀለው ነበር። ክር አነሰው፤ ከሳጥናቸው ግን አልወሰደም።

ረመዳን ሲጋመስ መቶውም ልብስ ተቆርጦ ነበር፤ የተሰፋው ግን አርባ አልሞላም። ኸድር እንደማይደርስ ገብቶታል። ከንጋቱ ሱብሒ እስከ ማታው መግሪብ ከመኪናው ቀና አይልም። ልጅ ሳለ ሙያ ያስተማረው ጌታው የዒድ ቀሚስ እሰፋልሃለሁ ብሎት ሳይሰፋለት ቀርቷል፤ ያን ዒድ ከመስጊዱ ጀርባ ተደብቆ ነበር የዋለው። ያንን ቀን ማሰብ አይወድም። አሁን ግን መርፌው በወረደ ቁጥር ይመጣበታል። ዘንድሮ የሚደበቁት መቶ ልጆች ናቸው፤ ቃሉን ያጠፈውም እሱ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ወባ ጣለው።

ልቡ ሲመለስ ቀትር ነበር። ሚስቱ ራህመት አጠገቡ ተቀምጣለች።

"ረመዳን ስንት ሆነ?"

"ሃያ ሰባት።"

"ጨርቁስ?"

"ሐጂ ሙዘይን ዘንድ ነው።"

"ወሰዱት?"

"እኔ ነኝ ሄጄ የ..."

ቀሪውን አልሰማም። የሚደገፍበትን በትር እየፈለገ ነበር።

"አንተ ኸድር! እግርህ እኮ አይሸከምህም!"

"ይሸከመኛል።"

በረንዳው ጋ ሲደርስ ግን ከአንዱ ምሰሶ ጀርባ ተደግፎ ቆመ። የእሱ መኪና ተሸፍኗል። መሸፈኛው ላይ አቧራ የለም፤ የሚያራግፍለት ሰው አለ ማለት ነው። በአራቱ መኪናዎች ላይ የሚሰፋው እሱ የቆረጠው ነጭ ጨርቅ ነው። ሸሪፍ ሐጂ ሙዘይን ፊት ቆሟል። ኸድርን ያየው አልነበረም።

"ሐጂ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ተሳስቻለሁ" ይላል ሸሪፍ። "ሥራው የአንቱ ነው። ዋጋውንም ጨምሬ ለአንቱ እሰጣለሁ። ከእንግዲህ የቤቴ ልብስ ሁሉ አንቱ ዘንድ ነው የሚሰፋ።"

ኸድር በትሩን ጨበጠ። የዕድሜ ልክ እምነቱ ዓይኑ እያየ ሊፈጸም ነው።

ሐጂ ሙዘይን የያዙትን ስፌት እስከ ጫፍ ወስደው ክሩን በጠሱ።

"ቃል የተጋባኸው ከማን ጋር ነው?"

"ከኸድር ጋር።"

"ቃሌን ትቻለሁ ብሎሃል?"

"ታሟል እንጂ አላለም።"

"እንግዲያው ሥራው የእሱ ነው። እሱ ለካ፣ እሱ ቆረጠ። እስኪሽለው እኛ እጁ ነን። ዋጋውን ለእሱ ስጥ።"

"ዋጋ ሰብሮ የቀማዎት እኮ እሱ ነው!"

"አውቃለሁ። ልጆቹ ግን አያውቁም፤ ዒድን ነው የሚጠብቁ።"

"እኔም አውቃለሁ!" አለ ሙስጦፋ ከመኪናው ላይ። "ግን ማን ይሰማኛል? ወላሂ ሦስት አንገት አስፈቱኝ። 'ኸድር ሁለት ጊዜ ነው የሚሰፋው' ይላሉ። እኔ ለራሴ የኒካሕ ልብስ እንኳ ሁለት ጊዜ አልሰፋሁም!"

ኸድር ከምሰሶው ጀርባ ወጣ። ማንንም ሳያይ ከተሰፉት ልብሶች አንዱን አንስቶ አንገቱን ገለበጠ። ሁለት ጊዜ ደርቦ ተሰፍቷል። ሌላም አነሳ። ያም እንደዚያው ነው። ሐጂ ሙዘይን ፊት ያለውን አየ። አርባ ዓመት አንገት አንድ ጊዜ የሰፋ እጅ በዚህ ዕድሜው የኸድርን ስፌት ተምሯል።

ራህመት እያለከለከች ደረሰች።

"ሳልጨርስልህ ነው እኮ የተነሳኸው!" አለችው። "ለምኛቸው ነው ያሰፋሁት። ሐጂ የጨርቅ ሳጥንህን በእጃቸው አልነኩም፤ 'የሰው አማና፣ የሰው አደራ ነው፣ አንቺው ክፈቺ፣ አንቺው ቁጠሪ' አሉኝ። በየቀኑ ጠዋት እየቆጠርኩ ሰጥቼ መግሪብ ሳይደርስ እየቆጠርኩ እቆልፋለሁ።"

ኸድር የያዘውን ልብስ አጥፎ አስቀመጠ።

"ሐጂ፣ በድዬዎታለሁ፤ አፉ በሉኝ።"

"አፉ ብያለሁ። ሦስት ልብስ ቀርቷል። መቀመጥ ትችላለህ?"

ተቀመጠ። እያረፈ ከመግሪብ በፊት አንዱን ጨረሰ። ሙስጦፋ ተቀብሎት ወደ ብርሃን አዙሮ አየው።

"ይቺ አንገት ጠማማ ናት" አለ። "ፍታት!"

በዚያ በረንዳ ላይ ኸድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ የተሰማው ያን ቀን ነው።

የዒድ ጠዋት መቶ ልጆች በነጭ ጀለቢያ ወደ መስገጃው ሜዳ ወጡ። ኸድር በመንገዱ ዳር ቆሞ እስኪያልፉ ድረስ አየ። በሦስተኛው ቀን ሸሪፍ የከፈለውን ገንዘብ ኸድር አምስት ቦታ አካፍሎ ለየባለቤቱ ሰጠ። ሐጂ ሙዘይን ድርሻቸውን ያለ ክርክር ተቀበሉ። አልወስድም ቢሉ ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ እንደሚኖር ያውቃሉ።

ኸድር ግን አንድ ነገር አልገባውም ነበር።

"ሐጂ፣ እኔ ብወድቅ ደንበኞቼ ወደ አንቱ ይመጡ ነበር። ለምን አነሱኝ?"

ሐጂ ሙዘይን ቁልቁለቱን በዓይናቸው አመለከቱት። ገበያ ቀን ነበርና ሰው እየወረደ ነው።

"አንድ መኪና ሲሰሙ ሰው አለ ይላሉ። አምስት ሲሰሙ ገበያ አለ ይላሉ።"

በቀጣዩ ዓመት ሸሪፍ የሁለት መቶ ልጆች ልብስ ይዞ መጣ። የሰሙ ሌሎች ነጋዴዎችም መጡ፤ ከዚያ በፊት ብዛት ያለው ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ነበር የሚሄደው። በበረንዳው ላይ አንድ ልማድ ጸና። ከአቅሙ በላይ ሥራ የመጣለት ሰው ከዐስር ሰላት በኋላ ለሁሉም ይናገራል። የታመመ ሰው ሳጥን በቤተሰቡ እጅ ተከፍቶ ሥራው በጓደኞቹ እጅ ያልቃል። አንገት ሁሉ ሁለት ጊዜ ይሰፋል፤ ሙስጦፋ እያጉረመረመም ቢሆን።

ብዙዎቻችን ያ ረዛቅ፣ ሲሳይ ሰጪ ሆይ፣ ብለን ዱዓ እናደርጋለን። እጃችንን ከፊታችን ሳናወርድ ግን ዓይናችን ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል፤ ስንት ሰው ገባለት እያልን። አንደበታችን ሪዝቃችን፣ ሲሳያችን ከአላህ ነው ይላል፣ ዓይናችን ከጎረቤት ኪስ ይፈልገዋል። ሐጂ ሙዘይን ለታመመው ሰው ሰደቃ መስጠት ይችሉ ነበር። ሰደቃው ቤቱን ጥቂት ቀን ያቆየው ነበር። እሳቸው ያቆዩለት ግን ስሙን ነው። ባለ ትንሽ ሥራ ሰው ከስሙ ሌላ ብዙ ሀብት የለውም፤ እሱም በአንድ ዒድ ሊጠፋ ይችላል። የበረንዳው ሰዎች አንዳቸው የሌላውን ስም መጠበቅ ሲጀምሩ፣ ለብቻቸው ሲሮጡ ያላገኙትን በረካ አላህ ሰጣቸው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሰው የስፌት መኪናውን በጭንቅላቱ ተሸክሞ ወደ በረንዳው መጣ። ከሩቅ ነው የመጣው፤ ጫማው አልቋል። ቦታ ይኖር እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። ሙስጦፋ ግራ ቀኝ አየና ስድስተኛ መኪና የሚያስቀምጥ ቦታ የለም አለ። እውነቱን ነው፤ አልነበረም።

ኸድር ተነስቶ የራሱን መኪና አንድ ክንድ ያህል ወደ ግድግዳው ገፋው።