ከፋብሪካው አናት ላይ የሚሸጠው ቤት

የምትተኛበት ክፍል ውስጥ ካንተ በፊት ማን ቆሞ ይውል እንደነበር ጠይቀህ ታውቃለህ? ወይስ የግድግዳውን ማማር ብቻ አይተህ ቁልፉን ተቀበልህ?

ይህን የምጠይቅህ የወንድሜ ልጅ ምንታምር ሌላ ጥያቄ ይዛብኝ ስለመጣች ነው። በድሮ ሰፈራችን የነበሩ ሰዎች አንድ ጠዋት በጣታቸው ጠቁመው ባሌን አስወሰዱት። አልተመለሰም። እኔም ከዚያ ወዲህ ያን አገር አልረገጥኩም። አሁን ጠቋሚዎቹ አርጅተዋል፤ ሽማግሌ አስቀምጠው ልጅቷን ላኩብኝ።

«እቴቴ፣ ሰዎቹ ሊሞቱ ነው» አለችኝ። «አንዲት ቃል ቢሏቸው ምን ይጎድልብዎታል? ይቅርታ ከሁሉ አይበልጥም እንዴ?»

ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ። ስለ ይቅርታ አሳምረው የጻፉት አብዛኞቹ ይቅር እንዲባሉ የሚፈልጉ ናቸው። ይህንን አልነገርኳትም። የነገርኳት የሚከተለውን ነው።

አንድ ባለጸጋ ነበረ። በከተማው ዳር፣ የባቡሩን ሐዲድ ሣር በዋጠበት ሰፈር፣ መኪኖቹ ከቆሙ ብዙ ዘመን የሆነውን የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ገዛ። ከፋብሪካው ጀርባ ሸማኔዎቹ የሚኖሩባቸው መደዳ ቤቶች ነበሩ። ባለጸጋው መጥቶ «በሕይወት እስካላችሁ ማንም አይነካችሁም» ብሎ ማለላቸው። በሐምሌ አንድ ማለዳ ግን ሰዎቹ ውስጥ እያሉ ቆርቆሮውን ከላያቸው አስነሣ። አንድ ሸማኔ በትኩሳት ተኝቶ ነበር። ሚስቱ ነጠላዋን በላዩ ዘርግታ ቆመች። ዝናቡ በነጠላው እያለፈ ፊቱን አጠበው፤ ሸማኔውም እዚያው አልጋው ላይ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ቅንጡ መኖሪያ ሆነ። አሮጌ ነገር የተወደደበት ጊዜ ነበርና ባለጸጋው ከሰዎቹ በቀር ምንም አልጣለም። ቀዩ ጡብ ሳይለሰን ተተወ፣ የብረቱ ምሰሶ ተወለወለ፣ ዘይት የጠጣው ወለል በመስታወት ተሸፈነ። አንድ የሽመና መኪና መግቢያው ላይ እንደ ሐውልት ቆመ፤ ከጎኑ ፏፏቴ ይወርዳል። ትልቁ የሽመና አዳራሽ የነበረው የላይኛው ፎቅ አንድ ሰፊ ቤት ሆነ። መስኮቶቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ገብቶ ሶፋው ላይ የሚቀመጥ ይመስላል።

ደላላው ገዢዎችን እየመራ ያመጣና «ጌታዬ፣ የተለሰነ ግድግዳማ ማን ቤት ጠፍቶ! እዚህ የሚሸጠው ታሪክ ነው» ይላል።

ቤቱ ግን አልሸጥ አለ። ያየው ሁሉ ይወደዋል፤ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብሎ የሞከረው ሁሉ ይሸሻል። እዚያ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ሕልም ያያል። በሕልሙ አዳራሹ በነጭ ብናኝ ይሞላል። ብናኙ አይቸኩልም፤ እንደሚያስብ ሰው ቆም እያለ ይወርዳል። ከዚያ መኪኖቹ በሩቅ መምታት ይጀምራሉ፣ መጀመሪያ እንደ ዝናብ፣ ቀጥሎ እንደ ልብ። የተኛው ሰው ጣቶቹን የተበጠሰ ክር ሲቋጥሩ ያገኛቸዋል። ቋጥሮ አይጨርስም። ሲነቃ ሽፋሽፍቱ ላይ ጥጥ አለ።

ድምፁ ከተኛው ሰው ሕልም አልፎ ለሸማኔዎቹም ይሰማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ውጭ ተደርድረው ተቀምጠው ያዳምጡታል። እያንዳንዱ ከዚያ ሁሉ መኪና መካከል የራሱን ምት ይለያል። የሟቹ ሚስትም የባሏን ትለይ ነበር፤ የእሱ መኪና ትንሽ ያነክስ ነበርና።

«ቤቱ ቂም ይዟል» ተባለ። ደላላውም ባለጸጋውን «ካልታረቁ አይሸጥም» አለው።

ባለጸጋው ሽማግሌ ፈለገ። ሸማኔዎቹን ወደ ላይኛው ፎቅ አስጠራ፤ ቤቱን ሊገዛ ያሰበ አንድ ነጋዴም ዕርቁን ሊያይ መጣ። ሽማግሌው የባለጸጋውን ቃል ተናገረ፤ ሁሉም በአንድ አፍ ይቅር ካሉት ከምድር ቤቱ ለእያንዳንዳቸው ክፍል ይሰጣቸዋል። ክረምት ሊገባ ነበር። ሸማኔዎቹ የሚያድሩት በላስቲክ ሥር ነው።

ወጉ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ እንዲለምን ነው። ባለጸጋውም ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። ከመግቢያው ፏፏቴ ሥር ያነሣት፣ የተወለወለች፣ እንቁላል የምታህል ድንጋይ ነበረች።

በሽመና መኪና መካከል ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ ምንታምር፣ በዓይኑም ይሰማል። በዚያ ጩኸት ውስጥ ሸማኔዎች ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ በከንፈር ብቻ ሲያወሩ ኖረዋል። ሐሜታቸውም፣ ፍቅራቸውም፣ ስድባቸውም ያለ ድምፅ ነበር። ባለጸጋው አዳራሹን ሲገዛ ይህን የነገረው የለም።

«ድንጋይ ነው ሽንኩርት የተሸከመው?» አለ አንዱ ሸማኔ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ።

«ዝም በል፣ ታስቀኛለህ» አለችው አንዷ እንደዚያው።

ባለጸጋው ጎንበስ ብሎ ቀና አለ። ሽማግሌው ስለ ዕርቅ ረጅም ነገር መናገር ሲጀምር ነጋዴውን ይዞ ወደ ሩቁ መስኮት ሄደ። ጀርባውን ለመስኮቱ፣ ፊቱን ለሸማኔዎቹ ሰጥቶ በሹክሹክታ አጽናናው። «አይዞህ፣ ቃሏን ይበሉልኝ ብቻ። ምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ነው። ዘበኛው በየትኛው በር እንደሚያስወጣቸው ያውቃል።»

ሸማኔዎቹ ሁሉ አዩት።

ሽማግሌው ንግግሩን ቀጠለ። ከመስኮቱ በገባው ብርሃን ውስጥ አቧራ ይዋኝ ነበር። ከዚያ ከንፈሮች ተነሡ።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«ሊያታልለን ነው።»

«ያታልለን። ማን ያውቃል፣ ሲያፍር አንዷን ክፍል ይሰጥ ይሆናል።»

«እኔስ ደከመኝ። ቂምም እኮ ይከብዳል።»

ሽማግሌው «እስቲ ስለ እግዚአብሔር!» አለ። ሸማኔዎቹም እያወቁ፣ አንዱ ካንዱ ቀጥሎ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ተራው ለሟቹ ሚስት ደረሰ።

«አልልም» አለች፣ በድምፅ።

«እመት፣ እግዜርን አስቢ እንጂ።»

«ከእግዜር ጋር አልተጣላሁም።»

ጓደኞቿ በከንፈር ለመኗት። «ለእኛ ስትይ! ያንቺ ብቻ ነው የቀረው። ግትርነትሽ ቤት ሊያሳጣን ነው።»

«አላያችሁትም?» አለቻቸው።

«አይተናል» አለ ስለ ሽንኩርት የቀለደው ሸማኔ። «ብናይስ ምን እናደርጋለን?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ደረጃውን ወረደች። ሌሎቹም ትንሽ ቆይተው በጓሮው በር ወጡ፤ ዘበኛው ራሱ በትሕትና ከፈተላቸው።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ነጋዴው ጫማውን አውልቆ እዚያ ቤት ተኛ። ሕልሙ መጣ። አዳራሹ ባዶ ነበር፤ ወለሉ እንደታጠበ ሸማ ነጥቷል፣ መኪና የለም፣ ብናኝ የለም። ነጋዴው በእንቅልፉ ፈገግ አለ። ወዲያው ከአንድ ጥግ አንድ ምት ተሰማ፣ ትንሽ የሚያነክስ። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይሸምናል። ፀጉሩ ይንጠባጠባል። የሚሸምነው ጨርቅ ርጥብ ነው፤ በወለሉ ላይ እየተንከባለለ ወደ አልጋው ይመጣል። ሰውየው አልዞረም፣ አልተናገረም፣ ሥራውን አላቆመም። ነጋዴው ነቃና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄደ። ያ ቤት ዛሬም ይሸጣል።

ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ሸማኔዎቹ እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ነበር። እያንዳንዱ የራሱን ምት ጠበቀ። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ አልመጣም። ይቅር ባለበት ቀን መኪናው ቆሞ ነበር። ያ ዕድሜያቸውን የፈጁበት ሁሉ፣ ጩኸቱ፣ ሳቁ፣ የተቆረጠው ጣታቸው፣ የትም እንዳልነበረ ሆነ። ቀስ ብለው ወደ ሴትዮዋ ተጠጉ።

«የሱ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«እኛም እንስማው?»

ቦታ ለቀቀችላቸው።

እዚህ ላይ ምንታምርን አየኋት። እንባዋን ይዛ ነበር፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

«ያ ቅንጡ ቤት የላኩሽ ሰዎች እርጅና ነው» አልኳት። «አስጊጠውታል። ልጅ ድረዋል፣ ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል፣ የልጅ ልጅ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል። ሁሉ ተሟልቶ የጎደለች የእኔ ቃል ናት፤ እሷን ሲያገኙ ጋደም ይላሉ። ባሌ መቃብር የለውም። ስሙን የሚጠራ ልጅ አልወለድንም። ያለው አንድ ጥግ ብቻ ነው፣ እነሱ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ የሚቆምበት። እዚያ ይሠራል። እኔ ይቅር ባልኩ ቀን ያን መኪና የማቆመው እኔ ነኝ፤ እነሱ አንዴ ገደሉት፣ ሁለተኛውን የምፈጽመው እኔ እሆናለሁ።»

«እቴቴ፣ እርስዎስ? እርስዎ ዕረፍት አያስፈልግዎትም?»

«ያስፈልገኛል።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልመለስ?»

«ቃሌን ሳትቀንሺ አድርሺ። ጠቋሚዎቹን ይቅር አልልም። ያን ጠዋት በመስኮት እያዩ ዝም ያሉትን ይቅር አልልም። ለሽምግልና የተቀመጡትን ይቅር አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።»