የሚያነክሰው ዜማ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት በጉልበታቸው ሳይሆን በዘፈናቸው በሚጠሩበት ዘመን፣ «የቋጥኙ ባንድ» የሚባል ስመ ጥር የሙዚቃ ቡድን ነበረ። ስሙን ያገኘው በሄደበት ሁሉ ትልቅ ቋጥኝ ፈልጎ እላዩ ላይ ወጥቶ ስለሚጫወት ነው። ዘፋኙ አንበሳ ነበር፤ እሱ ሲያገሳ ሸለቆው ይቀበለዋል። ከበሮ መቺው ጅብ፣ ማሲንቆ መቺዋ ቀበሮ ነበሩ። ክራር የምትደረድረው ደግሞ ዓይነ አፋሯ ሚዳቋ ናት። የሁሉንም ዕቃ ተሸክሞ ከአገር አገር የሚዞር አንድ አህያም ነበራቸው፤ ነገር ግን «የባንዱን አባላት ቁጠሩ» ሲባል እሱን የሚቆጥር አልነበረም።

ባንዱን ከሁሉም በላይ ያስጠራው አንድ የክራር ዜማ ነው። ይህ ዜማ እንደ ሌሎቹ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሦስት ጊዜ ረገጥ ረገጥ ረገጥ ያደርግና አራተኛው ላይ ሸርተት ይላል። የሰማው ሁሉ መቀመጥ አይችልም፤ ጦጣ ከዛፏ ትወርዳለች፣ ከርከሮ ከጭቃው ይነሣል፣ ኤሊ እንኳ አንገቷን አውጥታ ትነቀንቃለች።

ታዲያ ሚዳቋን አንድ ነገር ሲከነክናት ይኖር ነበር። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ የአገሩ ሙዚቀኞች በሙሉ በወንዙ ዳር ሜዳ ይሰበሰባሉ። በዚያ ስብሰባ ላይ ጭብጨባ የለም፣ እልልታም የለም። ሙዚቀኛ ሙዚቀኛን ያከበረ እንደሆነ መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ ያስቀምጣል። ትርጉሙም «አንተ እያለህ የእኔው ይረፍ» ማለት ነው። ተራው እንስሳ ለሚዳቋ አቧራ እስኪነሣ ይጨፍራል፤ ሙዚቀኞቹ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ አዳመጧት እንጂ አንዳቸውም መሣሪያቸውን አላወረዱላትም። ከሁሉም የከፋው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ዜማ ያስተማሯት የኔታ ጉሬዛም ዋሽንታቸውን እንዳነገቱ ያዳምጡና ነጭ ካባቸውን ሰብስበው ዝም ብለው ይሄዳሉ።

በስምንተኛው ዓመት፣ ባንዱ ወደ ስብሰባው ሊነሣ ጓዙን ሲጭን ቀበሮ ወደ ሚዳቋ ጠጋ አለች።

«ዘንድሮስ ያወርዱልሽ ይሆን፣ እመት ሚዳቋ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ሚዳቋ መሬት መሬቱን እያየች።

«እኔ ልንገርሽ፤ አያወርዱልሽም። ዝና ሌላ፣ ሙያ ሌላ! አያ አንበሶ ባያገሳልሽ ኖሮ ክራርሽን ማን ይሰማው ነበር? ሕዝቡን አታለልሽው ይሆናል። ሙዚቀኛ ግን በጆሮ አይታለልም፤ አንድ ነገር ሸቷቸዋል።»

«ምን? ሥጋ ነው የሸተተው?» አለ ጅብ ከኋላ ብድግ ብሎ።

«ተኛ አያ ጅቦ፣ አንተን አይመለከትም» አለች ቀበሮ።

ሚዳቋ ግን ልቧ ደነገጠ። ቀበሮ እንዲያው ለነገር ብላ የወረወረችው ቃል ቁስሏ ላይ ነበር ያረፈው። ሚዳቋ ለማንም ያልተናገረችው ምስጢር ነበራትና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባንዱ በተቋቋመ በመጀመሪያው ዓመት ድንገተኛ ጎርፍ ወንዝ ውስጥ ያዛቸው። አንበሳ ዘሎ ወጣ፣ ጅብና ቀበሮም ተንቦጫርቀው ወጡ። አህያ ግን የኋላ እግሩ በሁለት ድንጋይ መካከል ተሰነቀረ። ሸክሙን ቢጥል በቀላሉ ይወጣ ነበር። ከሸክሙ ላይ ደግሞ የሚዳቋ ክራር ነበረ። «ጣለውና ውጣ!» ብላ ሚዳቋ ከዳር ብትጮህም አልጣለም። እግሩን መንጭቆ አወጣና ክራሩን ደረቁን አስረከባት። ከዚያን ቀን ወዲህ አህያ አነከሰ።

በማግሥቱ መንገድ ላይ ሚዳቋ እንደ ልማዷ ከኋላ ስትከተል ኮቴውን ሰማች። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ሸርተት። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ሸርተት። ጣቶቿ ሳታዛቸው ክራሩን ነኩት። እስከ ቀትር ድረስ በዚያ ኮቴ ላይ ስትደረድር ዋለች፤ ዜማውም ተወለደ።

አንበሳ ሲሰማ ቆም ብሎ «ይህን ከየት አመጣሽው?» አላት።

ሚዳቋ «ከአያ አህዮ» ልትል አፏን ከፈተች። ወዲያው ግን «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» የሚለው ተረት ትዝ አላት። ቀበሮ ስትስቅ፣ ጅብ መሬት ላይ ሲንከባለል ታያት። አፏን ዘጋችና አንገቷን ደፋች።

«አየ ትሕትና!» አለ አንበሳ። «የራሷ እኮ ነው! የራሴ ነው ለማለት አፈረች!»

በአንድ አፍታ ዝምታ የገባው ነገር ሰባት ዓመት ሆዷ ውስጥ ተቀመጠ። ሕዝቡ «የሚዳቋ ዜማ» እያለ በጨፈረ ቁጥር አህያን ቀና ብላ ማየት ታፍር ነበር። እሱ ደግሞ ምንም ሳያውቅ ከሁሉም ቀድሞ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣት ነበር።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ጓዙ ተጭኖ ሊያልቅ ሲል ጅብ ያልተለመደ ደግነት አሳየ።

«ዛሬስ ከበሮዬን ራሴ ልሸከም» አለ። «አያ አህዮ ምስኪን! ጀርባው እኮ አለቀ።»

«እግዜር ይስጥህ አያ ጅቦ» አለ አህያ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። አንበሳም «እንዲህ ነው ጓደኝነት!» አለ። ከበሮ በቆዳ እንደሚለጎም፣ ጅብ ደግሞ ቆዳ አይቶ እንደማያልፍ ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። ቀበሮ ብቻ ፈገግ ብላ ማሲንቆዋን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አንጠለጠለች።

ከሜዳው ሲደርሱ ሙዚቀኛው ሁሉ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። የኔታ ጉሬዛ በመካከል አሉ። የቋጥኙ ባንድ ተራው ደርሶ አለቱ ላይ ሲወጣ ጅብ ወደኋላ ቀረ።

«አያ ጅቦ፣ ከበሮው የታለ?» አለ አንበሳ።

«ከበሮው... አሞታል።»

ጅብ ከጀርባው ያወጣው ባዶ የእንጨት ቀፎ ነበር።

«ቆዳውስ?»

«ቆዳው መንገድ ላይ ጥሎን ሄደ» አለ ጅብ። ይህን እንዳለ ግሣት አመለጠው፤ ግሣቱም ድም አለ።

«በላኸው!»

«ጠርዙን ብቻ ልቅመስ ብዬ ነበር፣ ጌታዬ። ጠርዙ አለቀና መሐሉ ብቻውን ሲቀር አሳዘነኝ።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አንበሳ ከበሮ ካልቀደመለት የት ላይ እንደሚጀምር አያውቅም፤ ጎፈሩን እያከከ ቆመ። ይህን ጊዜ ቀበሮ ድምጿን አሳምራ ሁሉም እንዲሰማ እንዲህ አለች፦

«ይህ ምን ያስጨንቃል? እመት ሚዳቋ ብቻዋን ትጫወት። ዜማው የራሷ አይደል?»

ሚዳቋ ወደ ፊት ወጣች። ጀመረች፤ ሦስቱን ረገጠች፣ አራተኛው ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ቦታውን አጣ። እንደገና ጀመረች። አሁንም ሳተች። ከሙዚቀኞቹ መካከል «ይኼው ነው እንግዲህ» የሚል ማጉረምረም ተሰማ። «አሞኛል» ብላ ብትወርድ ማንም አይጠይቃትም፤ ምስጢሯም እንደተቀበረ ይኖራል፤ የሙዚቀኞቹ ክብር ግን ለዘላለም ይቀርባታል።

በዚህ መሐል አህያ ውኃ ጠምቶት ጓዙን እንደተሸከመ ወደ ወንዙ ማዝገም ጀመረ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ሸርተት። የሚዳቋ ጣቶች ወዲያው ተከተሉት። ዜማው እንደ ጥንቱ ፈሰሰ። ሙዚቀኞቹ ቀና አሉ። «ያውላችሁ!» አለ አንበሳ።

እዚህ ላይ ዝም ብላ ብትቀጥል ትድን ነበር። እሷ ግን ክሮቹን በመዳፏ ይዛ ድምፃቸውን አጠፋች።

«ይህ ዜማ የእኔ አይደለም» አለች።

ድምጿ በጣም ከማነሱ የተነሣ የኋለኞቹ «ምን አለች? ምን አለች?» ተባባሉ።

«የእኔ አይደለም!» አለች እንደገና፣ በዚህ ጊዜ ራሷም እስክትደነግጥ ጮኻ። «የአያ አህዮ እርምጃ ነው። ከኋላው እየሄድኩ የቀዳሁት ነው።»

ቀበሮ አላስጨረሰቻትም። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር...» ብላ ጀመረች፤ ሙዚቀኛውም ተረቱን ያውቀዋልና ቀሪውን ሳትለው በሳቅ ተንከተከተ።

ሚዳቋ ሰባት ዓመት የፈራችው ሳቅ መጣ። ፊቷ ላይ አረፈ። አልገደላትም፤ ገረማት።

«ሳቁ፣ እናንተ ልክ ናችሁ» አለች። «ግን ልጨርስ። አያ አህዮ የሚያነክሰው የእኔን ክራር ከጎርፍ አድናለሁ ብሎ ነው። ክራሬንም ያተረፈልኝ እሱ፣ ዜማዬንም የሰጠኝ እሱ። እናንተ መሣሪያችሁን አላወረዳችሁልኝም ብዬ ሰባት ዓመት አዘንኩ፤ እኔ ግን ለእሱ አንድ ቀን ክራሬን አላወረድኩለትም።»

ይህን ብላ ከአለቱ ወረደች። አህያ ወንዙ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ፣ ምን አጠፋሁ ብሎ ጆሮውን ጥሏል። ሚዳቋ እግሩ ሥር ተንበርክካ ክራሯን መሬት ላይ አስቀመጠችለት።

«አመሰግናለሁ፣ አያ አህዮ» አለች። «ብዙ ዘገየሁ።»

«ኧረ እመት ሚዳቋ!» አለ አህያ ተደናግጦ። «ክራርሽ እርጥብ ይነካዋል! ምነው መሬት ላይ? አምጪው፣ እኔ ጋ ጫኚው!»

አሁን የሳቀ አልነበረም።

ሚዳቋ የጭነቱን ገመድ በጥርሷ ፈታች። ጓዙ ከጀርባው ወረደ። «ዛሬ ሸክም የለብህም» አለችው። «ዝም ብለህ ተራመድልኝ፤ እኔ እከተልሃለሁ።»

አህያ መጀመሪያ አፈረ፤ ለካ እሱም ዓይነ አፋር ነው። ቀስ እያለ በክቡ መካከል መዞር ጀመረ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ሸርተት። ክራሩ ገባ። አንበሳ የሚጀምርበትን አገኘና አገሳ። ተረቱን የጀመረችው ቀበሮ እንኳ ማሲንቆዋ ሳታስበው አብሮ ሲያዜም ተገኘ። ዜማው ከስንት ዓመት ወዲህ እንዲህ ሆኖ ተሰምቶ አያውቅም፤ ባለቤቱ አብሮት ነበርና።

ሲያበቃ ሜዳው ጸጥ አለ። ከጸጥታው መሐል አንድ ትንሽ ድምፅ ተሰማ፤ ሸምበቆ ሣር ላይ ሲያርፍ። የኔታ ጉሬዛ ዋሽንታቸውን አስቀምጠው ነበር።

«ልጄ» አሏት፣ «ይህችን ዋሽንት ላወርድልሽ ሰባት ዓመት እጄ ሲበላኝ ኖረ።»

«ያውቁ ነበር፣ የኔታ?»

«ጆሮ ያለው ሙዚቀኛ የአህያ ኮቴ አይጠፋውም። እኔም ዜማዬን ከፏፏቴ ነው የቀዳሁት፤ ያኛውም ከንብ፣ ይኸኛውም ከእናቱ። ያልቀዳ ማን አለ? አንቺ ግን የቀዳሽበትን ምንጭ ስም እስክትጠሪ ጠበቅን። እኛ ብንነግርሽ እኮ ምስጋናው የእኛ እንጂ የአንቺ አይሆንም።»

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ መሣሪያዎቹ ከትከሻ ወረዱ። ለሚዳቋ ይሁን ለአህያ አልተናገሩም፤ እሷም አልጠየቀች። ጅብ የሚያወርደው ቢያጣ «የእኔው ሆዴ ውስጥ ነው፤ እንግዲህ አብሬው ልውረድ» ብሎ በሆዱ ተዘረጋ። ቀበሮ ወዲያና ወዲህ አየች፤ ከሁሉም ተለይታ መታየቱ እንደማያዋጣት ስታውቅ የማሲንቆዋን ደጋን ብቻ ጫፉን መሬት አስነክታ መልሳ አነሣችው።

አንበሳ ሚዳቋን በትዝብት አያት። «ለካ ያን ጊዜ አንገትሽን የደፋሽው...»

«አፍሬ ነው፣ ጌታዬ።»

«እኔን ይብላኝ! ሰባት ዓመት ሙሉ በትሕትናሽ አገር ስመክር ኖርኩ እኮ!» አለና በሳቅ ሜዳውን አናወጠው። «እንግዲያው ተረቱም ይታረም። ከአህያ ጋር የዋለች ሚዳቋ ዜማ ተምራ ትመጣለች!»

ሲመለሱ ሁሉም የየራሱን ዕቃ ተሸከመ። ጅብ የተሸከመው ባዶውን ቀፎ ብቻ ነበር፤ ሌላ ነገር ያመነው የለም። አህያ ባዶ ጀርባውን ፀሐይ እያሞቀ ከፊት ከፊት አነከሰ። ሚዳቋም ክራሯን በራሷ ትከሻ ላይ አድርጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላው ሳይሆን ከጎኑ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፦ የሙያ ባልደረቦቹን አክብሮት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ሙያውን ያገኘበትን ሰው በስሙ ጠርቶ ሊያመሰግን ይገባዋል።