አያ ጅቦ ባጁን ሊያስወለውል ሄደ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በጨዋነት በሚኖሩበት፣ ማለትም የሚበሉትን መጀመሪያ ሰላም ብለው በሚበሉበት ዘመን፣ አንበሳ ታላቅ ግብር ሊያበላ አዋጅ አስነገረ። ግብሩ እስኪያልፍ መበላላት ክልክል ነው። በበሩ የሚያልፈው ደግሞ የአንበሳ መዳፍ የተቀረጸበት የናስ ባጅ ያለው ብቻ ነው፤ ያውም ተወልውሎ የሚያበራ።

የአያ ጅቦ ባጅ ጠቁሮ የድስት ቂጥ መስሏል። እሱ ግን ለግብሩ ሲል ጾሞ ሰንብቷል፤ እንዲህ ያለ ጾመኛ አይታችሁ አታውቁም። ሚስቱንና ልጆቹንም «ጎድን ይዤላችሁ እመጣለሁ» ብሎ በባዶ ሆዳቸው አስቀምጧቸዋል። ስለዚህ ማልዶ ወደ እመት ቀበሮ መወልወያ ቤት ሮጠ።

እመት ቀበሮ በሞተር የሚሽከረከር የጨርቅ መንኮራኩር አላት፤ ትንሽም ትልቅም። ሞተሩ ሦስት ማርሽ አለው። አያ ጅቦ ሲደርስ የአህያን ባጅ በትንሹ መንኮራኩር፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ እያለች ትወለውላለች። (አህያ ሥጋ ግብር ላይ ምን ሊሠራ እንደሚሄድ እኔን አትጠይቁኝ፤ ተጠርቷል፣ ይሄዳል።)

«አሁን ይቺም መንኮራኩር ተባለች?» አለ አያ ጅቦ። «የእኔን በትልቁ! በሦስተኛ!»

አህያ አላስችል አለው። «አያ ጅቦ፣ ናሱ እኮ ስስ ነው። መንኮራኩሩ ሲሰፋ ጠርዙ ይፈጥናል፤ ናሱን ያግለዋል፣ ቅርጹንም ፍቆ ይወስደዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰሙም?»

«ወይ ጉድ! አህያ ስለ ፍጥነት ሊያስተምረኝ? አዋጁ ባይኖር ትምህርቱን ከነአስተማሪው እውጠው ነበር!»

ሥጋ ሲካፈሉ ትልቁን ሙዳ መምረጥ የለመደ፣ መንኮራኩሩም ሙዳ ይመስለዋል፤ ምን ታደርጉታላችሁ።

እመት ቀበሮ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። «እርስዎን የመሰለ ጌታ በትንሽ መንኮራኩር? ነውር ነው!» አለች። በልቧ ግን ከማዕዱ አንድ አፍ ሲቀነስ የማን ድርሻ እንደሚሰፋ ታሰላለች።

ትልቁን ገጠመች፣ ሦስተኛ አስገባች። ባጁ ጮኸ፣ ጋለ፣ ጨሰ። ከአንበሳው መዳፍ መጀመሪያ ጥፍሩ ጠፋ፣ ቀጥሎ ጣቱ፣ ከዚያ ሁሉም። የቀረው እንደ መስታወት የጠራ ናስ ነበር።

«አቤት ማማር!» አለ አያ ጅቦ፣ ባጁ ላይ የራሱን ፊት እያየ። ያንን ፊት አይቶ መደሰት የሚችል እሱ ብቻ ነው።

በግብሩ በር ላይ ነብር ቆሟል። አህያ ባጁን አሳየና ገባ። አያ ጅቦም የእሱን ዘረጋ። ነብር ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«እዚህ ላይ የሚታየኝ የእኔው ፊት ነው» አለ። «እኔ ደግሞ ራሴን አልጋበዝኩም። መዳፉ የታለ?»

«በጣም ስለተወለወለ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ደጅ ሆነህ አብራ» አለና በሩን ዘጋው።

የጥብሱ ሽታ በአጥሩ ቀዳዳ ይወጣል። አያ ጅቦ ለሚስቱ ምን እንደሚላት ጨንቆት፣ አጥሩን ተደግፎ አለቀሰ፤ የእውነት እንባ ነው፣ አትሳቁ። ይሄኔ እመት ቀበሮ ጎድን እየጋጠች በአጥሩ ብቅ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ድርሻዎ እንዳይባክን ብዬ እኔ በላሁልዎ። ምስጋና አያስፈልግም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ስስ ዕቃ ይዞ ትልቅ መንኮራኩርና ፈጣን ማርሽ የሚመርጥ ሰው ማብረቅረቁ እንደሚሳካለት፣ ማዕዱን የሚበላው ግን ያጨበጨበለት መሆኑን ነው።