በጣትና በጆሮ መካከል

አንድ አዛውንት ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ፤ ስማቸው መንበሩ ይባላል። በአዳማና በዙሪያዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሠርግ ሲያደምቁ ኖረዋል። ሲንተሳይዘራቸው አሮጌ ነው፤ ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ከቁልፎቹ አንዱ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተጠግኗል። ድምፁ ግን ሌላ ዕቃ ላይ አይገኝም። ሰዉ “የመንበሩ ኦርጋን” ነበር የሚለው። ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ የእሳቸው ጣት ካልተሰማ ሠርጉ የተጀመረ አይመስልም ነበር።

ስድሳ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ትርሲት የምትባል ዘፋኝ መጥታ፣ “ጋሼ፣ አልበሜን ያጅቡልኝ” አለቻቸው። የትርሲት እናትም ዘፋኝ ነበረች፤ ጋሽ መንበሩ ለአሥራ አራት ዓመት አጅበዋታል። ልጅቱ የምትቀርጸው እናቷ ትዘፍናቸው የነበሩትን የሠርግ ዘፈኖች ነው። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ለክት ያስቀመጡትን ሸሚዝ አውጥተው ለበሱና ኦርጋናቸውን በታክሲ አስጭነው ሄዱ።

የሚቀርጻቸው ልሳነወርቅ የሚባል ባለሙያ ነበር። ስቱዲዮው ግድግዳው በሙሉ ስፖንጅ የተለጠፈበት፣ በመስታወት ለሁለት የተከፈለ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ጋሽ መንበሩ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው መጫወት ሲጀምሩ አንድ ነገር አልጥም አላቸው። ጣታቸው ቁልፉን ይጫናል፤ ድምፁ ግን ጥቂት ቆየት ብሎ ነው የሚመጣው። በጣም ጥቂት ነው። ደግመው ሞከሩ፣ ያው ነው። “እርጅና በጆሮዬ ገባ ማለት ነው” ብለው አሰቡና ዝም አሉ።

“ጋሼ፣ ትንሽ ይዘገያሉ” አለ ልሳነወርቅ ከመስታወቱ ማዶ።

ፈጠን አሉ።

“አሁን ደግሞ ቀደሙ።”

ድምፃቸው እንዳያመልጣቸው ሲከተሉ ይዘገያሉ፤ እንዳይዘገዩ ሲጣደፉ ይቀድማሉ። እስከ ከሰዓት በኋላ አንድ ዘፈን እንኳ በወጉ ሳይያዝ ቀረ። ልሳነወርቅም “ግድ የለም፣ እኔ አስተካክለዋለሁ” ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ እያንዳንዱን ድምፅ በማውስ እየሳበ በምቱ መስመር ላይ ደረደረው። ሲጨርስ ከፍቶ አሰማቸው። ሁሉም ነገር ልክ ነው፤ ግን ሕይወት የለውም።

ትርሲት እጆቿን አጣጥፋ ሰማችና፣ “ጋሽ ልሳኔ፣ ይሄ ሠርግ ነው ወይስ የፖሊስ ሰልፍ? ትከሻዬ እኮ እምቢ አለኝ” አለች።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ መንበሩ ኦርጋናቸው አጠገብ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ሁለቱ ከበሩ ውጭ ሲነጋገሩ ሰሟቸው። በሩ አልተዘጋም ነበር።

“ኮምፒውተሩ ይጫወተው” ትላለች ትርሲት። “እሳቸውን ማስከፋት አልፈልግም፤ የእናቴ ሰው ናቸው። ግን እጃቸው አልቋል። አንተስ አላየህም?”

ልሳነወርቅ ምን እንደመለሰ አልሰሙም። ሊሰሙም አልፈለጉም። ተነሥተው ኬብላቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ከእንግዲህ ሠርግ ላይም ላይቀመጡ ወሰኑ፤ ያለቀ እጅ ስቱዲዮ ውስጥም ዳስ ውስጥም ያው ያለቀ እጅ ነው። የኦርጋኑን ሳጥን ክዳን ዘግተው ዕቃውን የሚያነሣ ሰው እስኪመጣላቸው ቁጭ አሉ። ቁጭ ባሉበት፣ ሳይታወቃቸው፣ ጣቶቻቸው በክዳኑ ላይ የትርሲትን እናት ዘፈን መምታት ጀመሩ።

ልሳነወርቅ ሊያናግራቸው ሲገባ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

“እስቲ ይድገሙት ጋሼ።”

“ምኑን?”

“አሁን ክዳኑ ላይ የሚመቱትን።”

“ተወኝ እባክህ። እንጨት ስደበድብ ደግሞ ልትቀዳኝ ነው?”

“ይድገሙትና ይስደቡኝ።”

ደገሙት። ልሳነወርቅ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። አንዲት ምት እንኳ አልተንገዳገደችም። ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። “ይህ እጅ አላለቀም” አለ። “እኔ ያላየሁት ነገር አለ። ኦርጋኑን ይክፈቱት።”

ማይክሮፎን አምጥቶ ከቁልፎቹ አጠገብ አቆመ። የጆሮ ማዳመጫውንም ማይክሮፎኑ ላይ አስደገፈው። “አሁን አንዱን ቁልፍ በጥፍርዎ ጠንከር አድርገው ይምቱልኝ” አላቸው። መቱ። ልሳነወርቅ የተቀዳውን በስክሪኑ ላይ አጉልቶ ትርሲትን ጠራት። ሁለት ጉብታዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው ጥፍሩ ቁልፉን ሲመታ የተሰማው ኳታ ነው። ሁለተኛው በማዳመጫው የወጣው የኦርጋኑ ድምፅ ነው። በመካከላቸው ባዶ ሜዳ ተዘርግቷል።

“ሃምሳ ሁለት ሚሊሰከንድ” አለ። “የአንድ ሰከንድ አንድ ሃያኛ ገደማ ማለት ነው።”

“ይቺ ናት እንዲህ የምታደርገው?” አለች ትርሲት።

“ስልክ ስታወሪ የራስሽ ድምፅ ዘግይቶ ተመልሶ ሲመጣብሽ ቃል አይጠፋብሽም? እሳቸው ትናንት ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነው የዋሉት።” ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። “ጋሼ፣ ይሰማዎት ነበር?”

“ይሰማኝ ነበር።”

“ታዲያ ምነው ዝም አሉ?”

“ጆሮዬ ነው ብዬ ነዋ። ደግሞስ፣ ሰው ቤት ገብቼ ዕቃህ ተበላሽቷል ልበልህ?”

ልሳነወርቅ ኮቱን አውልቆ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ኬብል በኬብል መንገዱን ተከተለ። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ጋሽ መንበሩ ቁልፍ ሲጫኑ መልእክቱ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ኦርጋኑ መጥቶ ድምፅ ይሆናል፣ ድምፁ እንደገና ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ተጠራቅሞ ወደ ማዳመጫው ይወጣል። እንግዳን ደጅ ላይ ተቀብሎ ቤቱን ሁለቴ አዙሮ እንደማስገባት ነው።

ዙሩን ቆረጠው። ቁልፉ ከራሱ ኦርጋን ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር አደረገ። ሽማግሌው የኦርጋናቸውን ድምፅ ኮምፒውተሩ ሳይነካው ከድምፅ ማደባለቂያው፣ ከሚክሰሩ፣ እንዲሰሙ አደረገ። የቀረው ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚጻፈው ድምፅ ነው፤ እሱም ቢሆን ከቦታው ዘግይቶ እንዳይጻፍ አንዲት ኳታ ከኮምፒውተሩ በኬብል አስወጥቶ መልሶ አስገባና ምን ያህል እንደዘገየች ለካ። ሦስት ጊዜ ለካ። ቁጥሩ ሦስቴም አንድ ሆነ። ኮምፒውተሩንም የምትቀዳውን ሁሉ በዚህ ልክ ወደ ኋላ መልሰህ አስቀምጥ ብሎ አዘዘው።

ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ትርሲት ባለችበት ጋሽ መንበሩ ፊት ቆመ።

“ትናንት ይዘገያሉ ያልኩዎት እኔ ነኝ” አለ። “የዘገየው የእኔ ዕቃ ነበር። ሳልለካ ፈረድኩብዎት። ይቅር ይበሉኝ።”

“ተው እንጂ! ምን ነክቶሃል አንተ ሰው?” አሉ ጋሽ መንበሩ፤ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ሸሚዛቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ትርሲት አንገቷን ደፋች።

መጫወት ሲጀምሩ ግን አሁንም ጣታቸው ይጣደፍ ነበር።

“አሁንም ይቀድማሉ” አለች ትርሲት ቀስ ብላ።

“ትናንት ያሯሯጥናቸው እኛ ነን። እስኪያርፉ እንጠብቃቸው” አለ ልሳነወርቅ። ኮምፒውተሩ በማዳመጫው ምት የሚቆጥርበትንም ኳታ አጠፋው። “አንቺ አጨብጭቢላቸው። እናትሽ ታጨበጭብ እንደነበረው።”

ትርሲት አጨበጨበች። ጋሽ መንበሩ ጥቂት አዳመጡ፣ ተነፈሱ፣ ከዚያ ገቡ። ሦስተኛው ዙር ላይ የሚያሳድዱት ነገር እንደሌለ ጣታቸው ገባው። የትርሲት ትከሻ ሳታዝዘው ተነሣ።

ዘፈኑ አልቆ ስክሪኑን ሲያዩ፣ ድምፆቹ ሁሉ በመስመሩ ላይ የተቀመጡ አልነበሩም። አንዳንዱ በጥቂት ይቀድማል፣ አንዳንዱ ይዘገያል።

“እነዚህን አታስተካክላቸውም?” አለች።

ልሳነወርቅ እጁን ከማውሱ አነሣ። “የትናንቱ የማሽኔ መዘግየት ነበር። ይሄ የሳቸው አጨዋወት ነው። ሁለቱን መለየት ካቃተኝ እዚህ መቀመጥ የለብኝም” አላት።

ዘጠኙም ዘፈኖች በሦስት ቀን አለቁ። ጋሽ መንበሩ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሠርግ ላይ ተጫውተዋል።

ልሳነወርቅ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ለቅሶው ላይ ሙዚቀኞች ስለ ጆሮው ብዙ ተናገሩ፤ እውነትም ጆሮ ነበረው። ጋሽ መንበሩ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ “ስህተት የሚያገኝ ሰው ሞልቷል” አሉ። “ያገኘሁት ስህተት የራሴ ነው ብሎ በሰው ፊት የሚቆም ግን በዕድሜዬ እሱን ብቻ አየሁ” ብለው ተቀመጡ።

የሰው ሥራ ከእጁ እንደወጣ በቀጥታ እኛ ዘንድ አይደርስም። በወሬ፣ በርቀት፣ በእኛው ችኮላና እኛው በዘረጋነው መንገድ ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ዘግይቶ ሲደርስ ግን የምንወቅሰው ባለ እጁን ነው። እሱም ሰው አክባሪ ከሆነ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ ኬብሉን ይጠቀልላል። ስለዚህ ከመፍረድ በፊት መንገዱን መለካት ይገባል። ጥፋቱ የእኛ ሆኖ ከተገኘም፣ ወቀሳውን በተናገርንበት ድምፅ ልክ ይቅርታውን መናገር ይገባል።

እናንተስ፣ “እጁ አልቋል” ብላችሁ ያሰናበታችሁት ሰው የለም? ያን ጊዜ የለካችሁት የእሱን እጅ ነበር ወይስ በእናንተና በእሱ መካከል ያለውን መንገድ?