ፋይን የተባለው ድልድይ

በጠዛ ወንዝ መካከል ሁለት የድንጋይ ጉቶዎች ቆመዋል፤ ስማቸው «ፋይን» ነው። የተማረ ሰው ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ሸጋ ማለት ነው ይላል። በዚያ አገር ግን ሰውን «ፋይን ነህ» ያለ ዱላ ይቀምሳል፤ ላዩ አምሮ ውስጡ የበሰበሰ ማለት ነውና።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ድሮ በጠዛ ግንበኛ ሥራውን ሲጨርስ ጎረቤት ተሰብስቦ ግንቡን ይሰድብለት ነበር። አንዱ በዱላ እየጎሰመ «ይኼ ግንብ ነው ወይስ የሰካራም ጥርስ?» ይላል፣ ሌላው ከሥሩ ገብቶ ይጭራል፣ ግንበኛውም እየሳቀም እየተናደደም የተነቀፈውን አፍርሶ ይሠራል። እርገጤ የሚባለው ግንበኛ የወንዙን ድልድይ በጨረሰበት ጊዜ ግን መንገድ የሚያስጠርገው እንግሊዛዊ መሐንዲስ መጣና፣ ከበቅሎው እንኳ ሳይወርድ፣ አለንጋውን ወደ ድልድዩ ቀስሮ «ፋይን!» አለ። አስተርጓሚው ፍቺውን ሲነግረው እርገጤን መሬት አልበቃው አለ። በማግስቱ ሊሰድቡ የመጡትን ጎረቤቶች ድንጋይ እያነሳ አባረራቸው።

ሚስቱ ደብሪቱ ግን ከምሰሶው ሥር ወርዳ እጇን ሰደደችና አሸዋ ዘግና ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ እግሩ እኮ አለት አልነካም!»

«ፈረንጅ ያመሰገነውን አንቺ ልትነቅፊ?» አላት እርገጤ።

«ፈረንጁ መቼ ወርዶ አየውና!»

አልሰማትም። የሐምሌ ሙላት ሲመጣ ወንድሟ ይርዳው የተጫኑ አህዮቹን እየነዳ ሲሻገር፣ ድልድዩ ከመሐሉ ተገምሶ ይዞት ሄደ። ሬሳው እንኳ አልተገኘም ይባላል።

ደብሪቱ አላለቀሰችም፤ ንዴቱ እንባዋን አደረቀው። ከመሐንዲሱ ሰፈር ደርሳ ስትጮህ ሰውየው በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ ብዙ ተናገረ፤ አስተርጓሚውም ዓይኑን ሰበር አድርጎ «ሥራውስ ፋይን ነበር፤ ክረምቱ ከፋ ነው የሚሉት» አላት። ሰው ሞቶ እንኳ «ፋይን» የምትለዋን ቃል አልጣላትም! ያን ጊዜ ደብሪቱ ልጓሙን ጨምድዳ «ውረድ!» ብላ ጮኸችበት። በቅሎውን እየጎተተች ወንዙ ዳር አድርሳ አስወረደችው፤ ባሏንም ጠርታ ሁለቱን ጎን ለጎን እስከ ጉልበታቸው ጭቃው ውስጥ አቆመቻቸው።

«በሉ፣ አሁን አመስግኑ» አለች።



ከዚያ ወዲህ በጠዛ ኮርቻ ላይ ሆኖ የሰው ሥራ ማመስገን ነውር ሆነ። አዲስ ቤት ለማየት የመጣ እንግዳ ወርዶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ካላሳረፈ በቀር ምስጋናውን የሚቀበለው የለም። አምና እንኳ ከጉቶዎቹ ከፍ ብሎ የተሠራውን አዲስ ድልድይ ሊመርቁ የመጡ ሹም፣ በመኪናቸው መስኮት ብቅ ብለው «በጣም ያምራል!» ቢሉ፣ የአገሩ ሴቶች መንገዱን ዘግተው ቆሙባቸው።

«ይውረዱ፣ ጌታዬ» አሏቸው።

ወረዱ አሉ። ሱሪያቸውን ሰብስበው ከምሰሶው ሥር ገቡ፣ ብዙም ቆዩ። ሲወጡ ግን ሪባኑን አልቆረጡም።