«ትናገር» የተባሉት ጥዶች

ውዳላት ይህን ነገር ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም ነበር ይላሉ፣ በአዝመራ ሜዳ አፋፍ በተርታ የቆሙት ጥዶች ለምን «ትናገር» እንደተባሉ የሚያወሱ ሽማግሌዎች።

እንደሚነገረው፣ ውዳላት የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ ነበረች፤ ዳዊት የደገመች፣ ለልጆች ፊደል የምታስቆጥር፣ ሰው ፊት ግን ዓይኗን ከመሬት የማታነሣ ዓይነ አፋር። ባል ሳታገባ ስለጎለመሰች አገሬው «የመጽሐፍ ሙሽራ» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በዚያ ዘመን የአገሩ ሹም ቀኛዝማች ደምለው ጥዶቹን አስቆርጠው አዳራሽ ሊሠሩባቸው ተነሡ። የመሬቱ ባለቤት እማማ ዘርትሁን ግን «ሟቹ ልጄ አያልቅበት የተከላቸው ናቸው» ብለው ከሰሱ። በደንቡ ሰው የተከለው ዛፍ የተካዩ ወገን ሲሆን፣ ወፍ የዘራው የሹሙ ነበር ይባላል።

ሸንጎው እዚያው ጥዶቹ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ መሪጌታም ከዳኞቹ አንዱ ነበሩ።

«ሲተክል ማን አየው?» አሉ ቀኛዝማች እየሣቁ። «ወይስ ወፎቹን ምስክር ልጥራልሽ፣ አሮጊት?»

ውዳላት ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። «እኔ አይቻለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ!» አሉ አባቷ።

እማማ ዘርትሁን «በእመቤታችን፣ ትናገር!» ብለው ጮኹ፤ ሕዝቡም ተቀብሎ «ትናገር! ትናገር!» አለ።

እሷም እንዳቀረቀረች፣ «አብሬው ተክያለሁ» አለች። «ክረምት በመጣ ቁጥር፣ አባቴ ደብር ሲውሉ፣ እኔ እዚህ ነበርኩ። ፍልፈል ሥሩን እንዳይበላብን እያንዳንዱን ችግኝ በተሰበረ እንስራ አንገት ውስጥ ነው የተከልነው። ቆፍሩና እዩ። አያልቅበትን እወደው ነበር፤ ሞቶም አልተውኩትም።»

ቆፈሩ። ከየጥዱ ሥር የእንስራ አንገት ስባሪ ወጣ፤ ሥሩ ሲወፍር ሰንጥቆት፣ እንጨቱ ውስጥ ተቀርቅሮ። ቀኛዝማች ተረቱና ለቆረጣው ያስመጧቸውን መጥረቢያዎች አስመለሱ፤ መሪጌታ ልጃቸውን ቀና ብለው ሳያዩ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ መንደሩም «ለካ የመጽሐፍ ሙሽራዋ!» እያለ ሲንሾካሾክ አመሸ።

እስከ ዛሬ በአዝመራ ሜዳ ጥድ የሚተከለው በእንስራ አንገት ነው። ከተርታው ጫፍ ያለው፣ ከሌሎቹ አጠር ያለው ጥድ ግን የውዳላት የብቻዋ ነው ይባላል። በሸንጎው ማግስት ጧት፣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ በአንድ እጇ የእንስራ አንገት በሌላው ችግኝ ይዛ፣ ቀና ብላ በመንደሩ መካከል አለፈች፤ አገር ቆሞ እያያትም ተከለችው።